ባለቤቷ ያልመጣላት ጀሪካን

የአሁኖቹ የቦኖ ውሃ ጠባቂዎች ገና ልጆች ናቸው። «እማማ የሺ፣ እስቲ የአንቱን ጊዜ ይንገሩን» እያሉ ሰንብተዋል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ ሳወራ የልጅ ልጄ ትጽፋለች። ከጨዋታዬ ብወጣ ብገባ እንግዲህ ቻሉኝ።

ከከላላ ወደ መካነ ሰላም የመጣሁት ባሌ ከሞተ በኋላ ነው። የተከራየሁት ከቄራው ጀርባ፣ ቤቱ ሁሉ ግድግዳ ለግድግዳ ከተጣበቀበት ሰፈር ነበር። ለዚያ ሁሉ ሰው አንድ ቦኖ ነው ያለው። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ሰይድ ጠርቶ ቁልፍና ፒንሳ ሰጠኝ። «ሥራው መክፈትና መዝጋት ነው፤ ሌላ ነገር የለውም» አለኝ። እኔም አመንኩት።

በዚያው በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሴቶች በወረፋ ተጣሉና አንደኛዋ የወረወረችው አንድ ባልዲ ውሃ እኔ ላይ አረፈ። ርሼ ስመለስ አቶ ሰይድ መንገድ ላይ አገኘኝ። «እማማ፣ በእርስዎ በኩል ዘነበ እንዴ?» አለኝ።

ውሃው በፈረቃ ነበር የሚመጣው። ሰዉ ሥራ ፈትቶ መቆም ስለማይችል ጀሪካኑን ደርድሮ ይሄዳል፤ አንዷ ልብስ አጠባ፣ አንዱ ቀን ሥራ፣ አንዷ ገበያ። ጀሪካኗ ቆመች ማለት ባለቤቷ ቆመች ማለት ነው። ተራዋ ደርሶ ባለቤቷ ካልመጣች ግን ወደ ጎን ትወጣለች። ሕጉ ይኸው ነበር። ስም የጻፉባትም አሉ፤ ለእኔ ግን ጽሑፉ ምኔም አልነበረም። እኔ የማውቃት በጨርቋ፣ በተሰበረ እጀታዋ፣ እሳት በነካው ጎኗ ነው።

አንድ ክረምት የሰፈሩ ሕፃናት በተቅማጥ አለቁ ተባለ፤ ደግነቱ አላለቁም፣ ግን በጣም ተሠቃዩ። ጤና ኤክስቴንሽኗ ፋጡማ መጥታ የጀሪካኖቹን ሆድ አየችና «ጠጠርና ትንሽ ውሃ እየጨመራችሁ ሸክሽኳቸው» አለች። ከዚያ ወዲያ ውስጧ አረንጓዴ ቆሻሻ የያዘችን ጀሪካን አልሞላም አልኩ። ስንቱ ሰደበኝ! አንድ ተሸካሚ ጎረምሳማ «እማማ፣ ጀሪካኔን ሊድሯት ነው እንዴ እንዲህ የሚያስውቧት?» አለኝ። ክረምቱ ሲወጣ የፋጡማ ፊት ፈታ ብሎ አየሁት። ለተቅማጥ የሚመጡት ልጆች ቀንሰዋል አለችኝ። እኔም ስድቡን ረሳሁት።

ወደ ሀያት ልምጣ። ሀያት ከዓረብ አገር የተመለሰች ልጅ ነበረች። ነፍሰ ጡር ሆና መጣች፤ ዘመድ አልተቀበላትም። ከቆሎ ሻጯ ዘነበች ጋር በአንድ ግቢ፣ አንድ ግድግዳ የሚለያቸው ሁለት ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። የልጁ አባት ማነው በሚል ወሬ ተጣሉ። ዘነበች ጎረቤት እየሰማ «ማርያምን! ስሟን ዳግመኛ አልጠራም፣ ደጇንም አልረግጥም!» ብላ ማለች። መማሏን እኔም ሰምቻለሁ።

አንድ ቅዳሜ ውሃ ብዙ ቀን ጠፍቶ መጣ። ወረፋው እስከ ቄራው አጥር ደርሷል። ሞልቼ ሞልቼ፣ አረንጓዴ ጨርቅ የታሰረባት ጀሪካን ጋ ደረስኩ። የሀያት ናት። ባለቤቷ የለችም።

«ወደ ጎን ያውጧት!» አሉ ከኋላ።

ዘነበች ግን ከመሀል ወጥታ ጀሪካኗ ፊት ተገተረች። «አትወጣም! ባለቤቷ ትጠራ!»

«አንቺ ደግሞ ምን አገባሽ?» አላት ያ ቀልደኛ ተሸካሚ።

«አትወጣም አልኩ! እማማ፣ ሂዱና ባለቤቷን ጥሩ!»

ወላሂ፣ ልታዋርዳት የፈለገች ነው የመሰለኝ። ግን ደግሞ አሰብኩ፤ ቀኗ የደረሰ ልጅ ናት፣ ጀሪካኗን ወረፋ አቁማ የት ትሄዳለች? ቦኖውን ዘጋሁና ቁልፉን ይዤ ሄድኩ። ውሃ እየመጣ ቦኖ ተዘግቶ አያውቅም። ጩኸቱ ተከተለኝ።

ሀያት በሩን ከውስጥ ቀርቅራ ነበር። ስጠራት መልሷ ማቃሰት ብቻ ሆነ። «ሰው! ሰው ድረሱ!» ብዬ ጮህኩ። ሲሰድበኝ የነበረው ወረፋ ሁሉ ግልብጥ ብሎ መጣ። ያው ተሸካሚ በሩን በትከሻው ገነጠለው። ሀያት መሬት ላይ ወድቃለች፤ ከንፈሯ ደርቋል፣ ምጡ አቅሟን ጨርሶታል። መኪና በዚያ ቅያስ አይገባም። የእድሩን ቃሬዛ አመጡ። አንዱ «ይኼኮ የሬሳ ነው» ብሎ ሲያመነታ፣ ተሸካሚው «ዛሬ የቁም ሰው ይሸከምበታል፣ ያዝ!» አለው።

ጤና ጣቢያ ካደረስናት በኋላ በሩ ላይ ቁልፌን እንደጨበጥኩ ተቀመጥኩ። የማውቀውን ዱዓ ሁሉ ጨረስኩ። የሕፃን ልቅሶ ስሰማ እንኳ አላመንኩም። አዋላጇ ብቅ አለችና «አብሽሩ እማማ፣ እናትም ልጅም ደኅና ናቸው። ሴት ናት» አለችኝ። ተሸካሚው እየሳቀ ደግፎ አነሳኝ፤ እሱም ዓይኑን እየጠረገ ነበር።

ስንመለስ ጀሪካኖቹ እንደተደረደሩ ናቸው። ዘነበች ሁለት እጇን ዘርግታ ትጠብቃቸዋለች፣ አንዱንም አላስነካች። አቶ ሰይድ ፊቱ ጠቁሮ ቆሟል።

«እማማ፣ ውሃ እየመጣ ቦኖ የሚዘጋው በማን ፈቃድ ነው?»

«ሀያት ወለደች። ደኅና ናት። ቁልፉ ይኸው።»

ቁልፉን አልተቀበለኝም። «ተመስገን። በሉ ይክፈቱ፣ ውሃው ሳይሄድ» አለኝ። መጀመሪያ የሞላኋት ያቺን ባለ አረንጓዴ ጨርቅ ነው። ማንም አልተናገረኝ።

ሀያት ከዳነች በኋላ «ጀሪካንሽን ማቆምሽ በጀሽ» ስላት «እኔ ውሃ መምጣቱንም አልሰማሁ» አለችኝ። ምጥ አስረስቷት ነው ብዬ ተውኩት። ልጇ አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች፣ ማሻአላህ።

እናንተ ጠባቂዎች፣ ባለቤቷ ያልመጣላትን ጀሪካን ዝም ብላችሁ ወደ ጎን አትግፉ። ሰው ላኩና አስጠይቁ።

አምና ቁልፉን ያስረከብኩ ዕለት ዘነበች ቆሎ ይዛልኝ መጣች። ከሀያት ጋር ከታረቁ ቆይተዋል። ያን ቅዳሜ ጠዋት ማቃሰቷን በግድግዳው ሰምታ፣ ሰው ሄዶ እንዲጠራት ብላ ጀሪካኗን ከግቢው አንስታ ወረፋ ያስያዘቻት እሷ ነበረች።

«ስሟን ላልጠራ ምዬ ነበር፣ እማማ» አለችኝ። «ጀሪካኗን ላላነሳ ግን አልማልኩም።»