በነጠላ ጫፍ የተቋጠረ ስኳር

በዚያ ማለዳ ጠበሉ ዘንድ የነበርነው ጥቂት ሰዎች ነን፤ እኔ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ፣ የሚያጠምቁት አባ፣ ከዳባት የመጡ ሁለት አሮጊቶች፣ እንዲሁም ከመካነ ብርሃን የመጣች አንዲት ሴት ከነሴት ልጇ።

ልጄን የስኳር ሕመም ከያዛት ሁለት ዓመት ሆኖ ነበር። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን የምወጋት እኔ ነኝ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የመርፌውን ቁጥር ሦስት ጊዜ ሳላነብ ወግቻት አላውቅም። የምፈራው ሩጫ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትሮጥ መጥታ ምሳዋን እስክትበላ ተንቀጠቀጠችብኝ። በማግስቱ የስፖርት መምህሩ ዘንድ ሄጄ «ልጄን አያሯሩጡብኝ» ብዬ ለመንኳቸው። ከዚያ ወዲህ ጓደኞቿ ሲጫወቱ እሷ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሹራባቸውን ትጠብቅ ጀመር።

«እማ፣ እኔ የሹራብ መስቀያ ነኝ?» አለችኝ አንድ ቀን። እያደር ከኔም ጋር ማውራት አስጠላት።

ጠበል የወሰድኳት ለዚያ ነው። ከምንኖርበት ከደባርቅ እስከ ጠበሉ የአንድ ሰዓት ዳገት አለ፤ ጠበል ደግሞ እህል ሳይቀምሱ ነው። መርፌዋን እንደ ወትሮው ወጋኋት፤ ዳቦዋን ግን ከጥምቀቱ በኋላ ትበላለች ብዬ በፌስታል ያዝኩት። እንዳትሮጥ እጇን ይዤ በዝግታ ወጣን።

እንደደረስን ግንባሯ በላብ ራሰ። እጇ ተንቀጠቀጠ። ሳናግራት የማይገናኝ ነገር መለሰችልኝ። ከአሮጊቶቹ አንዷ «አትንኳት፤ መንፈሱ ሊለፈልፍ ነው» አሉ።

የመካነ ብርሃኗ ሴት ብድግ ብላ መጣች። «ልጅቷ ስኳር አለባት?»

«አዎ። ማን ነገረሽ?»

«ላቧ። መርፌ ወስዳለች?»

«ወስዳለች።»

«ምን ቀመሰች?»

«ሳትጠመቅ ምን ትቀምሳለች?»

«ታዲያ መርፌው ምን ይብላ? አንቺን?»

የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። የቋጠረችው ስኳር ነበር። እጇን ያዝኩት። «ስኳር ላለባት ልጅ ስኳር? ልትገድያት ነው?»

«ልቀቂኝ! የኔዋም ይኸው ሕመም አለባት» አለችና ልጇን በአገጯ አሳየችኝ።

ግራ ገብቶኝ ወደ አባ ዞርኩ። «አባ፣ ጠበሉስ?»

«ጠበሉ የትም አይሄድ። ለታመመ ልጅ ጾም ያዘዘ ማነው? ስጫት።»

እጄን ለቀቅኩ። ልጄ ስኳሩን ላሰች፤ በላዩ ውሃ ጠጣች። ጥቂት ቆይታ አየችኝና «እማ፣ ዳቦው የታለ?» አለች።

«መንፈሱ ዳቦ ወዳድ ነው ለካ!» አሉ አሮጊቷ። ሁላችንም ሳቅን፤ እኔ እያለቀስኩ።

ልጄ ዳቦዋን ስትበላ የሴትየዋ ልጅ ዳገቱን በሩጫ ትወጣለች፣ ትወርዳለች።

«ያንቺዋን ሩጫ አትከለክያትም?» አልኳት።

«በዚያ በኛ ገደል አገር ተቀምጣ ልታድግ ኖሯል? ግን ሳትበላ አትሮጥም፤ ስኳር ሳትቋጥርም አትሮጥም። አንቺ የፈራሽው ሩጫውን ነው፤ የሚፈራው ባዶ ሆድ ነው።»

በሆስፒታል ቀጠሯችን ቀን ነርሷን ብጠይቃት ያንኑ አለችኝ። ከጨዋታ በፊት ስኳሯን እንድንለካም አስተማረችኝ። ተመልሼ መምህሩን «ልጄን ያሯሩጡልኝ» ስላቸው ሳቁብኝ። የመጀመሪያውን ቀን ዳቦ ይዤ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ዋልኩ። አሁን አልቆምም፤ ኪሷን ግን ሳልዳብስ አልሸኛትም። አንዳንዴ ሲያንቀጠቅጣት ቁጭ ትላለች፣ ስኳሯን ትልሳለች፣ ዳቦዋን በልታ ሲሻላት ወደ ጨዋታዋ ትመለሳለች። ማታ ማን ማንን እንደቀደመ ስታወራልኝ ወጡ ያርርብኛል።

የዚያችን ሴት ስም አልጠየቅኋትም። በየቀጠሮው የሆስፒታሉ አግዳሚ ላይ እናገኛት ነበር፤ ከክረምቱ ወዲህ ግን አላየኋትም። መንገዱ ሩቅ ነው፣ መድኃኒቱም ከተቋረጠ ቀን አይሰጥም። ልጇ ከልጄ በአንድ ዓመት ብትበልጥ ነው። ከመካነ ብርሃን የምትመጡ ሰዎች፣ እናትና ልጅ ደኅና መሆናቸውን የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።