ለወንድም ጋሼ የጠለፍኩት ካርድ

ዘንድሮ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ስልኬ ሲንጫጫ ዋለ። ከፍቼ ባየው አሥራ አንድ ሰው አንድ ዓይነት አደይ አበባ ልኮልኛል። አንዱ ከሌላው ተቀብሎ፣ ያም ለሌላው አሳልፎ፣ እኔ ዘንድ ሲደርስ ማን ለማን እንዳለው እንኳ አይታወቅም። ልጄን «ለዚህ ሁሉ ምን ብዬ ነው የምመልሰው?» ብላት፣ «እማዬ ደግሞ፣ ያንኑ መልሰሽ ላኪያ!» ብላኝ ሳቀች። እኔ በትንሽ ነገር የምናደድ ሴት ነኝ፤ ያን ዕለት ግን ቁጣው አልመጣልኝም። ለማን እንደተላከ የማይታወቅ የእንኳን አደረሰህ ካርድ አንድ ጊዜ ቤታችንን ምን እንዳደረገው ልጄ አታውቅም። ነግሬያት አላውቅም፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነኝ። ቤታችን አቃቂ፣ ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ነበር። አያቶቼ እዚያው ምድር ላይ ጤፍና ሽምብራ ዘርተው የኖሩ ገበሬዎች ናቸው፤ አባቴ ግን ገና በወጣትነቱ በሬዎቹን ሸጦ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገባ። ታላቅ ወንድሜ ግርማ ብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ወደ ሰሜን ከሄደ ሁለተኛ ክረምቱ ነው። እኔ ግርማ ብዬው አላውቅም። ታላቅን በስሙ መጥራት በእኛ ቤት ነውር ስለነበረ አፌን የፈታሁት «ወንድም ጋሼ» እያልኩ ነው። እናታችንን ደግሞ «እትዬ» ነው የምንላት፤ ታናናሽ እህቶቿ ሲጠሯት ሰምተን በዚያው ቀረ።

በዚያ ዓመት የባልትና መምህርታችን መስቀለኛ ጥልፍ አስተምረውናል። ክሩ የሚቆጠር ሸካራ ጨርቅ ይያዝና መርፌው አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ እየተላለፈ ትንንሽ መስቀል ይሠራል፤ መስቀሎቹ ሲደረደሩ አበባም፣ ወፍም፣ ፊደልም ይወጣቸዋል። ንድፉ አስቀድሞ በሂሳብ ደብተር ላይ፣ ባለ ካሬው ወረቀት ላይ ነው የሚነጠበው። የሠፈሩ ልጅ ሁሉ ለእንቁጣጣሽ አበባ በቀለም ስሎ ሲያዞር፣ እኔ ለዘመድ ወዳጁ ሁሉ በክር እሠራለሁ ብዬ ተነሳሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

ጨርቁ የፊኖ ዱቄት ከረጢት ነበር። እትዬ በአመድ ውሃ ቀቅላ ማህተሙን አስለቀቀችልኝ፤ ጥግ ላይ ያለው ቀይ ጽሑፍ ግን ፈጽሞ አልለቅም አለ። ቢጫና ቀይ ክር ሳሪስ ሄጄ ገዛሁ፤ አረንጓዴ ስለጠፋ ከአባቴ አሮጌ ሹራብ እጅጌ ላይ ተረተርኩ። የተጠለፈውን በደብተር ሽፋን ላይ በሊጥ ሙጫ እለጥፈዋለሁ። ነሐሴን ሙሉ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ደጃችን ያለው ጥቁር ጭቃ ጫማ ይዞ ሲያስቀር፣ እኔ መስኮት ሥር ቁጭ ብዬ እጠልፋለሁ። በመሃል የበቆሎ ጥብስ አነሳለሁ፤ እትዬ ደግሞ «በዚያ ጥላሸት በሆነ እጅሽ አበባውን ልታጠቁሪው ነው!» ትለኛለች። እውነቷን ነበር፤ የአክስቴ ካርድ ላይ ያለችው ወፍ አመድማ ሆና ቀረች።

ከሁሉም የተጨነቅኩበት የወንድም ጋሼ ነው። ሦስት አደይ አበባ፣ ከሥሩ «እንኳን አደረሰህ ወንድም ጋሼ» የሚል። የእኛ ፊደል ክብ ነው፣ መስቀለኛ ጥልፍ ደግሞ ክብ አያውቅም፤ «ኳ»ን አራት ጊዜ ፈትቼ አራት ጊዜ ሠራሁት። ከጀርባው በእስክሪብቶ ስሜንና መልስ የሚልክበትን የትምህርት ቤታችንን የፖስታ ሣጥን ጻፍኩ። የሱን ስም አልጻፍኩም። መጻፍ እንዳለብኝ ሐሳቡም አልመጣልኝ፤ ወንድም ጋሼ ማለት ለእኔ በዓለም ላይ አንድ ሰው ነበር።

ጳጉሜ ሲገባ ካርዶቹን ማደል ጀመርኩ። ግራ መጋባቴም አብሮ ጀመረ።

መጀመሪያ የሄድኩት ግድግዳ የሚያዋስኑን እማማ ዘይነብ ዘንድ ነው። እሳቸውና ባላቸው ጋሽ ይማም የወሎ ሰዎች ናቸው። ጋሽ ይማም አሰብ የሚመላለስ የጭነት መኪና ይነዳሉ፤ የሠፈሩ ደብዳቤና ጥቅል ሁሉ ወደ ሰሜን የሚሄደው በሳቸው እጅ ነው። እማማ ዘይነብ ካርዱን ተቀብለው አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል፤ ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። «ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር» አሉኝ። የሽንኩርት ሽታ ግን አልነበረም።

በማግሥቱ ቦኖ ውሃ ላይ ስደርስ ሴቶቹ ወሬያቸውን ቀጥ አደረጉ፤ አንዷም «ነይ፣ አንቺ ቀድመሽ ቅጂ» አለችኝ። የቦኖ ወረፋ በአቃቂ ተለቅቆ አያውቅም፤ ለወላድም አይለቀቅም። የቀበሌው ሱቅ ሰውዬም፣ ሳሙና በራሽን በሚሰጥበት በዚያ ዘመን ሲጠየቁ የሚገላምጡት ያ ኮስታራ ሰው፣ ሳልጠይቃቸው ሁለት ሳሙና አቀበሉኝ። እኔ ያን ሁሉ ደግነት የተረዳሁት በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ካርዶቼ እጅግ ከማስጠላታቸው የተነሳ ሰው አዝኖልኛል አልኩ።

«እትዬ፣ ጥልፌ ያስቃል?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ? ወንድምሽ ሲያየው እንደሆነ ደረቱ ላይ ነው የሚሰፋው» አለች እናቴ።

የዚያን ዕለት ካርዱን ይዤ ጋሽ ይማም ዘንድ ሄድኩ። መኪናቸው ሥር ሆነው የጎማ ብሎን እያጠበቁ ነበር። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ተቀበሉኝ።

«ለወንድም ጋሼ ያደርሱልኛል?»

ካርዱን አገላብጠው አዩት። በአውራ ጣታቸው አበባውን ዳሰስ አደረጉት።

«ስንት ቀን ፈጀብሽ?»

«አሥራ ሁለት ቀን።»

«አሥራ ሁለት ቀን» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ «እሺ ልጄ፣ አደርሰዋለሁ» ብለው ኪሳቸው ከተቱት። ዓይኔን ግን አላዩኝም።

እንቁጣጣሽን በደስታ ዋልን። በአምስተኛው ቀን ገና ሳይነጋ በራችን ተንኳኳ። አባቴ ሲከፍት ደጁ በሰው ሞልቷል፤ ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። እማማ ዘይነብ ማንንም ሳይጠብቁ ገብተው እትዬን አቅፈው ያዟት። ከዚያ በኋላ ማንም አፍ አውጥቶ መናገር አላስፈለገውም። ግርማ ሞቷል።

ዜናውን ያመጡት ጋሽ ይማም ራሳቸው ነበሩ። ነሐሴ ላይ ደሴ ውስጥ አንድ የክፍሉ ወታደር ነግሯቸዋል። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው «ዓመት በዓሉን ይዋሉበት» ብለው ወሰኑ። ይኼ ወጋችን ነው፤ በክፋት የሚደረግ አይደለም፤ ሐዘንተኛ በባዶ ሆዱና በድንገት እንዳይደነግጥ ጎረቤት ሸክሙን ለጥቂት ቀን ይይዝለታል። አሁን ይገባኛል። ያኔ ግን ንዴት አቃጠለኝ። ሠፈሩ በሙሉ እያወቀ፣ ቦኖ ላይ ወረፋ እየለቀቀልኝ፣ እኔ ለሞተ ሰው እንኳን አደረሰህ እያልኩ እጠልፍ ነበር። ከጋሽ ይማም ጋር ሰላምታ አቆምኩ። ካርዱን ምን እንዳደረጉት ለመጠየቅ ግን አፈርኩ።

ኅዳር ላይ፣ የሽምብራው እሸት በየመንገዱ በእስር በእስር ሲሸጥ፣ ከትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት ተጠራሁ። ደብዳቤ መጥቶልኛል። የጦር ሠራዊት ማህተምና የፖስታ ቁጥር አለበት እንጂ የላኪ ስም የለበትም። ቆሜ ቀደድኩት።

«ውድ እህቴ፣ በክር የሠራሽልኝ ካርድ ደርሶኛል። ጓደኞቼ ሁሉ አይተው ቀኑብኝ። እኔ ደህና ነኝ። እማማን ሳሚልኝ። እንዳትረሺኝ፣ ጻፊልኝ። ወንድም ጋሼሽ።»

ቤት ድረስ እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ደብተሮቼን መንገድ ላይ ጥያቸው ኖሮ ማታ ሌላ ልጅ ነው ያመጣቸው። ለእትዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩላት። በሦስተኛው ቆማ የለበሰችውን ጥቁር ቀሚስ ከላይዋ ላይ ቀደደችው። ልጇ መሞቱን የሰማነው ከሰው አፍ እንጂ ከመንግሥት አንዲት ወረቀት አልመጣልንምና፣ ለማመን የሚከለክል ነገር አልነበረም። አባቴ ደብዳቤውን ወደ ብርሃን አስጠግቶ «የእጅ ጽሕፈቱ የሱ አይደለም» አለ። ወዲያው ደግሞ ራሱ መለሰ፤ «እጁን ቆስሎ አስጽፎ ይሆናል። ቁስል ይድናል።» ጎረቤት እልል አለ። እማማ ዘይነብ ብቻ በራቸው ላይ እንደቆሙ ቀሩ።

እኔ አንድ ነገር አይቼ ነበር። «እማማን» ይላል። እኛ ቤት እማማ የምንለው ጎረቤትን ነው፤ እናታችን እትዬ ናት። አየሁት፣ ገባኝም፣ ዝም አልኩ። እናቴ ከሁለት ወር በኋላ ቅንጬ ቀርቦላት ስትበላ እያየሁ ምን ብዬ ልናገር?

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ይማም ከጉዞ ተመለሱ። ባለቤታቸው ነግረዋቸው ኖሮ መኪናቸውን ሳያጠፉ ነው የገቡት። ከበሩ ሳያልፉ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ልመልሰው ብል ልጅቷን ምን ብዬ? ልቀደው ብል የአሥራ ሁለት ቀን ልፋት ነው፣ እጄ እምቢ አለኝ። ኮምቦልቻ ሻይ ቤት በር ላይ አንድ ለጋ ወታደር በዓመት በዓል ቀን ብቻውን ተቀምጦ አየሁ። ‹ከእህትህ ነው› ብዬ ሰጠሁት። ‹አባባ፣ እህት የለኝም› አለኝ። ‹እንግዲህ አሁን አለችህ› አልኩት። ወላሂ፣ ይጽፋል ብዬ አላሰብኩም።»

አባቴ ተነስቶ ወጣ። እትዬ የተቀደደውን ጥቁር ቀሚስ ከሣጥን አውጥታ፣ መርፌዬን ከኔ ተቀብላ፣ እዚያው ሰው ፊት ትሰፋው ጀመር። ሰፍታ ስትጨርስ ቀና ብላ አየችኝ።

«ጻፊለት» አለችኝ።

«ለማን?»

«ለልጁ። ምን አጠፋ? መልስ ይጠብቃል፤ የሰው ልጅ ነው። ሌላም ካርድ ሥሪለት።»

እኔ ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ያንን ልጅ ጠላሁት። ለምን እሱ ኖረ? ለምን ወንድም ጋሼ ብሎ ፈረመ? ማን ፈቀደለት? ደብዳቤውን ከነአድራሻው ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ለእትዬ ግን «ጽፌ ልኬዋለሁ» አልኳት።

«መልስ መጣ?» ትለኛለች በየሳምንቱ። አልመጣም እላለሁ፤ ያ እውነት ነበር። ገና አለፈ፣ ፋሲካ አለፈ፣ ክረምት ገባ። አንድ ቀን ጠዋት ጎመን እየቀነጠሰች ድንገት እጇን አቆመች። «እሱም ሄደ ማለት ነው» አለች። ከዚያ ጎመኑ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ ግርማን በስሙ ጠራችው፣ ቀጥላ ሌላውን ልትጠራ ስትል የምትጠራበት ስም አጣች። እዚያው ፊቷ ቆሜ ነበር። በዚያች ደቂቃ አፌን ብከፍት ኖሮ ሁሉም ነገር ያልቅ ነበር። አልከፈትኩም። ጎረቤቶቻችን ያወቁትን የደበቁት ለሃያ ቀን ነው፤ እኔ ግን በዚያች ጠዋት ደበቅሁ፣ ነገም ደበቅሁ፣ እየቆየ ሲሄድ መናገሩ ከመደበቁ ይልቅ ግፍ መሰለኝ።

እትዬ ከዚያ ወዲህ በየወሩ በአምስተኛው ቀን ሳሪስ አቦ ድረስ በእግሯ ትሄዳለች። ሁለት ሻማ ታበራለች። ቄሱ ለጸሎት የሁለተኛውን የክርስትና ስም ሲጠይቋት «እሱ ያውቀዋል» አለቻቸው። እስላም ሊሆን ይችላል ብላም ለእማማ ዘይነብ «ዱዓ አድርጊለት» ብላ አደራ ሰጠች። ይኼንን እስክታርፍ ድረስ አላቋረጠችም።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ። የኔ አድሮም፣ ከርሞም አልጠራልኝም። ጋሽ ይማም ደግ ሠርተው ይሁን ክፉ አላውቅም። ዝም ማለቴ እናቴን ከለላት ይሁን ጎዳት አላውቅም። ይሄ የስንት ዓመት ጥያቄ ነው፤ አሁንም ድስት እያማሰልኩ እጄ ቀጥ ይላል። በደንብ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያ ልጅ ጦርነቱ አልፎለት፣ ወልዶ ከብዶ፣ ዛሬም በሕይወት ይኖር ይሆናል። እናቴ ግን ሁለት ልጅ አልቅሳ ነው የሞተችው፤ ሁለተኛውን የገደልኩባት እኔ ነኝ።