የጽጌ ግራ ዓይን

በቀደም ጎረቤታችን ቤት ክርስትና ነበር። ሰዉ በልቶ ጠጥቶ ጨዋታው ሞቅ ሲል፣ እኔ እንደ ልማዴ ልጆቹን አንድ በአንድ ወደ ጓዳ እየጠራሁ በስልኬ ፎቶ ማንሳት ጀመርኩ። ጓዳው ጨለማ ስለሆነ ፍላሹን አበራለሁ። ሴቶቹ ሳቁብኝ። «እማማ የሺ፣ ውጭ እንዲህ ያለ የጥቅምት ፀሐይ እያለ ምነው ልጆቹን ጓዳ ይከቷቸዋል?» አለችኝ አንዷ። ሌላዋ የማልሰማ መስሏት «እርጅና ነው፣ ተያቸው» አለች። ጆሮዬ ገና ደህና ነው፤ ሰምቻታለሁ። ግን በሰው ድግስ ላይ የሚወራ ነገር ስላልሆነ ዝም ብዬ ማንሳቴን ቀጠልኩ። ዝም ያልኩትን እዚህ ልናገረው።

መንግሥት በተለወጠ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ይመስለኛል፤ ዓመተ ምሕረት ላይ ጎበዝ አይደለሁም። የማስታውሰው ልጄ ካሳሁን ፊደል መቁጠር መጀመሩን፣ እኅቱ ጽጌ ደግሞ ሦስተኛ ዓመቷን መያዟን ነው። የምንኖረው እዚሁ ላሊበላ፣ ከባለቤቴ ከዲያቆን ደሳለ አባት ጋር ነበር። አማቴ መሪጌታ ናቸው። ከማኅሌት ሲመለሱ ቅዱሳንን በብራና ላይ እየሣሉ ለተሳላሚ ይሸጡ ነበር። ጽጌ ከእሳቸው ሥር አትጠፋም፤ ብሩሽ ታቀብላለች፣ ጣቷን ቀለም ውስጥ ትነክራለች፣ ለሌላ ሰው ቁጡ የሆኑት ሰውዬ እሷን አንድ ቀን እንኳ ተይ ብለዋት አያውቁም።

ካሜራውን ያመጣልኝ ወንድሜ ታደሰ ነው። ከደሴ ጨውና ዘይት እየጫነ በጋሸና በኩል የሚመላለስ ሹፌር ነበር። በመስከረም አንድ ቀን ትንሽ ጥቁር ካሜራ ከነፊልሙ እጄ ላይ አስቀመጠና «እታለም፣ ልጆችሽ ሳያድጉብሽ አንሻቸው» አለኝ። እሱ ፊልሙን ደሴ ወስዶ ያሳጥባል፣ በሚቀጥለው ምልልስ ፎቶውን ያመጣል። የመጀመሪያዎቹን ብታዩ ትስቃላችሁ። ካሳሁን አንገት የለውም፤ ጽጌ ከአንድ ትልቅ ሰማይ ሥር እንደ ጠጠር ተቀምጣለች፤ ከሁለት አንዱ ላይ ደግሞ የእኔ ጣት አለበት። ቀስ በቀስ ግን ለመድኩት። ፀሐይን ከጀርባዬ አደርጋለሁ፤ ጠጋ እላለሁ፤ ትንፋሼን እይዛለሁ።

አንድ ሥርዓት ያስተማሩኝ አማቴ ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሰው ፊት ለፊት፣ ከነሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ክፉው ነው ከጎን በአንድ ዓይን የሚሣለው። «ልጆቼን ከጎን እንዳታነሺብኝ» አሉኝ። እኔም ትእዛዝ ነው ብዬ ሁልጊዜ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞራቸው ነበር።

ያ ወራት እንደ ሌላው መጸው ነበር። ጭጋጉ ተገፎ ተራራው ሁሉ ቅርብ መስሏል፤ ከጋሸና የሚመጣው መንገድ ጭቃው ደርቆ መኪና መግባት ጀምሯል። ቤቱ በጾመ ጽጌ ነው፤ ልጆቹ ግን ከእርሻው ዳር የባቄላ እሸት እየፈለፈሉ ሲበሉ ይውሉና አፋቸው አረንጓዴ ሆኖ ይመጣሉ። ወገቤን ይዤ አረም ላይ እያለሁ እንኳ ካሜራው በነጠላዬ ጫፍ ተቋጥሮ አብሮኝ ይውል ነበር። ደስተኛ ነበርኩ፤ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የኖርኩበት ወቅት ትንሽ ነው።

በጥቅምት አጋማሽ አንድ ከሰዓት በረዶ ወረደ። ገብሱን ሲደበድበው ከቤት ሆነን እንሰማለን። ልጆቹ ፈርተው መደቡ ላይ አንድ ጋቢ ለብሰው ተቃቅፈዋል። ፍርሃታቸውን ላስረሳቸው ብዬ ካሜራውን አነሳሁ። ከዚያ በፊት ቤት ውስጥ አንስቼ አላውቅም። ጠቅ ሳደርገው ራሱ ብልጭ አለ፤ ልጆቹ ጮኸው ተሳሳቁ፤ በረዶውንም ረሱት።

ፎቶው ሲመጣ ግን የሳቀ ሰው አልነበረም። የካሳሁን ሁለቱም ዓይኖች ቀልተዋል። የጽጌም ቀኙ ቀይ ነው፤ ግራው ግን እንደ ተላጠ ባቄላ ነጭ ነበር።

«ቀዩን አትፍሪው» አለ ታደሰ። «የፍላሽ ነው። ደሴ የሚነሳው ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚወጣው።»

«ነጩስ?»

«ነጩን እኔ እንጃ፣ እታለም።»

አማቴ ፎቶውን ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን ወሰዱት። ከዚያ ጽጌን ጠርተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና ዓይኗን አዩት። ጥቁር፣ ጥሩ ዓይን ነው፤ ምንም የለበትም። ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ። «ይህ ዕቃ የልጄን ብርሃን መጠጠው» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ይብቃ። እሑድ አሸተን ማርያም ይዣት እወጣለሁ፤ ሁለት ሱባኤ ትጠመቃለች።»

እኔ ግን የዚያን ዕለት ሥራ መሥራት አቃተኝ። ጽጌ በሩን ስታልፍ ግራ ትከሻዋን መምታቷ ትዝ አለኝ። በግራዋ ያስቀመጥኩላትን ውኃ ስንቴ እንደደፋች፣ ስንቴ «ቀልብሽ የት ነው?» ብዬ እንደተቆጣኋት አሰብኩ። ለደሳለ ስነግረው አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ጥሩ ባል ነበር፤ አባቱ ፊት ግን ድምፁ አይወጣም። በመጨረሻ «ጥፋቱ የካሜራው አለመሆኑን ካረጋገጥሽልኝ፣ እኔው ራሴ ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ። አለዚያ ግን ከአባቴ ጋር አታጣዪኝ» አለኝ።

እንዴት ነው የማረጋግጠው? ሌሊቱን አሰብኩ። ካሜራው ከሆነ የሚያበላሸው፣ አንዴ የዚህን አንዴ የዚያን ዓይን ያነጣል፤ ወይም ሁልጊዜ የሚያነጣው አንድ ወገን ላይ የተቀመጠውን ይሆናል። ልጅቷ ከሆነች ግን የትም ብትቀመጥ ያው ዓይን ነው። ቅዳሜ አማቴ ሥዕላቸው ላይ ተደፍተው ሳለ ልጆቹን ይዤ እህል ማስቀመጫው ክፍል ገባሁና በሩን ገፋሁት። መጀመሪያ ጽጌን በቀኝ፣ ካሳሁንን በግራ። ከዚያ አለዋወጥኳቸው። ከዚያ ለየብቻ። ጽጌ ጨዋታ መስሏት «ደግሞ! ደግሞ!» ትላለች።

በሩ ተከፈተ። ብልጭታው በስንጥቁ ወጥቶ ኖሯል።

አማቴ ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብለው እጄን ፈልቅቀው ካሜራውን ወሰዱና «ልጄ፣ አንቺም እኮ እናት ነሽ» አሉኝ። ከቀለማቸው ጋር ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበት ቁልፉን ከማተባቸው ጋር አሠሩት። ፊልሙ ካሜራው ውስጥ ነው። ታደሰ በማግሥቱ ጠዋት ይነሳል። ሌላ ምልልስ እስኪመጣ ብጠብቅ ልጄ ምን እንደምትሆን አላውቅም። በቁጣና በፍርሃት እህሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

እሑድ ጠዋት አማቴ ገና ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለሱ፣ ደሳለ ከውስጥ ወጣና ካሜራውን በነጠላ ጠቅልሎ ሰጠኝ። የሳጥኑን ማጠፊያ በቢላዋ አንስቶት ነው። «ታደሰ ሳይነሳ ድረሽበት» ብቻ ነው ያለኝ። ከቤታችን እስከ ገበያው ያለውን ቁልቁለት እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። መኪናው ሞተሩ ተነስቶ ነበር፤ በጋቢናው መስኮት ወርውሬለት እዚያው ቁጭ አልኩ።

የዚያን ቀን አማቴ ጽጌን በጀርባቸው አዝለው አሸተን ወጡ። ደሳለ ተከተላቸው። እኔ ካሳሁንን ይዤ ቀረሁና በሁለት በሦስት ቀን ስንቅ እያደረስኩ እመለስ ነበር። የአሸተን ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል። ጸበሉ ሲፈስባት ትንፋሽ ያጥራታል፤ አማቴ በጋቢያቸው ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ያሞቋታል። ጸበሉን ንቄ እንዳይመስላችሁ፤ እኔም ከሥሯ ገብቼ ተጠምቄያለሁ፣ ስለቴንም ተስያለሁ። ግን በወጣሁ ቁጥር ዓይኗን አያለሁ፤ ግራው ወደ ውስጥ ሸሸት ያለ ይመስለኛል፤ ደግሞ የእኔ ፍርሃት ነው እላለሁ።

ታደሰ ሲመለስ ፎቶውን በሰው አልላከም። ራሱ መጣና ሰላም ሳይለኝ በር ላይ ቆመ። አንድ በአንድ አየኋቸው። በቀኝም ትቀመጥ በግራ፣ ብቻዋንም ትሁን ከወንድሟ ጋር፣ የጽጌ ግራ ዓይን ነጭ ነው። የካሳሁን ግን አንዱም ላይ አልነጣም። ካሜራው ምንም አላጠፋም። ይህን ለማረጋገጥ ያን ሁሉ ደክሜ፣ ሳረጋግጠው ግን ለካስ ስመኝ የኖርኩት ጥፋቱ የካሜራው እንዲሆን ነበር። ካሜራ ይሰበራል፣ ይጣላል፣ ያልቃል።

እንደደረሰኝ አሸተን ወጣሁ። አማቴ ከግንቡ ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ጽጌ እቅፋቸው ውስጥ ተኝታለች።

«አባባ፣ ይህን ይዩልኝ።»

ከተሰበረው ሳጥን የወጣ ፊልም መሆኑ ገባቸው፤ ግን ተቀብለው አዩ። መልሰው ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምረው አዩ።

«ልጄን ይስጡኝ» አልኳቸው።

«ሱባኤው አልተፈጸመም። ሦስት ቀን ይቀራል።»

«አልጠብቅም።»

አማትን እንዲህ ማለት በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ደሳለ ከመካከላችን ገባ፤ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ «አባባ፣ ቃል ሰጥቻታለሁ» አለና ጽጌን ከእቅፋቸው አነሳት። እሳቸው አልከለከሉንም፤ አልመረቁንምም። ቁልቁለቱን ስንወርድ ዘወር ብዬ ሳይ እዚያው ተቀምጠው ነበር።

ጤና ጣቢያው ያገኘናት ነርስ ፎቶዎቹን አየች፤ ባትሪ አብርታ የጽጌን ዓይን አየች። ከዚያ ግራ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነችው፤ ጽጌ ዝም ብላ ፈገግ አለች። ቀኙን ስትሸፍነው ግን ልጄ እጇን ገፍታ «ጨለመ! እማ፣ ጨለመ!» ብላ ጮኸች። ነርሷ ወደ እኔ ማየት አቃታት። «ነገ ከነገ ወዲያ አትበሉ። ደሴ አድርሷት» አለችን።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ካሳሁንን ጎረቤት ትተን የታደሰ መኪና ላይ ነበርን። ሞተሩ ሊነሳ ሲል አማቴ ዘንጋቸውን እየመቱ ሲመጡ አየሁ። ያስቀሩናል፣ ወይም በልጄ ፊት ይረግሙኛል ብዬ ጽጌን አጥብቄ ያዝኳት። ቀርበው ሲመጡ በሌላው እጃቸው ቢጫ ጀሪካን ይዘዋል። በአሸተን ጸበል የተሞላ ነው።

«ጠጋ በሉ» አሉ። «ሦስቱን ቀን መንገድ ላይ እንፈጽመዋለን።»

ደሳለ ከላይ ጭነቱ ላይ ወጣ፤ እሳቸው ጀሪካኑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጋቢና ውስጥ ከጎኔ ተቀመጡ። ጋሸና ላይ ለቁርስ ስንቆም ነፋሱ ሰው ያንገዳግዳል። እኛ ሽሮ ስንበላ እሳቸው በጾማቸው ከመኪናው ጥግ ጽጌን አቁመው በእፍኛቸው ፊቷን ያጥቧት ነበር። ሄጄ ጋቢውን ያዝኩላቸው።

ከደሴ አዲስ አበባ ላኩን። ዕጢ ነው አሉ። ጊዜ ቢሰጠው ወደ አንጎሏ ይሻገር ነበር፤ ዓይኗን ግን ማትረፍ አይቻልም። እንዲወጣ ፈርሙ ሲሉን የደሳለ እጅ አልታዘዝ አለ፤ እኔ ፈረምኩ። ጭንቅላቷ በፋሻ ተጠቅልሎ ስትወጣ አማቴ ግድግዳውን ተደግፈው እንደ ልጅ አለቀሱ። ወደ ቤታችን ተመልሰን ሥዕላቸውን ቀጠሉ፤ ጽጌም ብሩሽ ማቀበሏን ቀጠለች። ስለ ካሜራው አንሥተው አያውቁም፤ የሳጥኑን ማጠፊያም ራሳቸው ጠገኑት።

ዛሬ ጽጌ ትልቅ ሴት ናት፤ አስተማሪ ናት፤ እሷ የምትቆጣቸው ልጆች ብዙ ናቸው። ሰው ታሪኩን ሲሰማ «እንኳንም ተረፈች» ይለኛል። እኔም እላለሁ፤ ቀን ከሌት አመሰግናለሁ። ግን ውስጤን ብትጠይቁኝ ያቺ ጥቁር ዓይን አሁንም ትቆጨኛለች። አንድ ወር ቀደም ብዬ ቤት ውስጥ አንስቻት ቢሆን እላለሁ፤ ጥቅም የሌለው ሐሳብ መሆኑን አውቃለሁ፤ አውቄም ማሰቤን አልተውኩም።

ያኔ ከሆስፒታል ከወጣንበት ቀን ጀምሮ መንገድ ስንሄድ በግራዋ ነው የምሄደው። በዚያ በኩል የሚመጣውን መኪናም፣ በሬም፣ ሰውም ስለማታየው እኔ አይላታለሁ። ይህን ነግሬያት አላውቅም፤ ሴት ልጅ ሁሉ እናቷ በየት በኩል እንደምትሄድ ልብ አትልም ብዬ ነበር የማስበው። ያለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ጉልበቴ አስቸግሮኝ ወደ ኋላ ቀረሁና ስደርስባት በቀኟ በኩል ሆንኩ። ጥቂት እንደሄድን ቆም አለች። ክንዴን ያዘችና በፊቷ አዙራ ወደ ግራዋ አሻገረችኝ።

«እማ፣ ቦታሽ እዚህ ነው» አለችኝ። ከዚያ እያወራን ወደ ቤት ሄድን።