ያልተከፈተው ሻንጣ

ለንደን ውስጥ በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ ተከሳሹ መፍራቱን አይቼ «አይዞህ» አልኩት። ሥራውን የሚያሳዩኝ ወይዘሮ ለተብርሃን ነበሩ፤ አስመራ በአማርኛ የተማሩ አንጋፋ አስተርጓሚ። ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ያዙኝ።

«ዳኛው አይዞህ ብለዋል?»

«አላሉም።»

«ታዲያ አንተ ከየት አመጣኸው? ከተባለው አትጨምር፣ አትቀንስ። ያመለጠህን ደግሞ እጅህን አንሥተህ ጠይቅ። ዕፍረትህን ቤትህ ትተህ ና!»

በዚያች ምክር ብዙ ዓመት እንጀራ በላሁ።

የጋሽ ሞገስ ጉዳይ የመጣው ሥራውን ያወቅሁት በመሰለኝ ጊዜ ነው። ዊልስደን የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። አልጋቸው ሥር የተሰረቁ ስልኮች የሞሉበት ሻንጣ ተገኘ። አንድ የሚያውቁት ሰው «አደራ» ብሎ አስቀምጦባቸው እንደጠፋ ተናገሩ።

ዐቃቤ ሕጓ ጠየቀች፣ እኔም አስተረጎምኩ፦ «አንድ ወር ሙሉ ውስጡን ቼክ አላደረጉም?»

«የሰው አደራ ይከፈታል እንዴ?» አሉ ጋሽ ሞገስ።

ያሉትን በእንግሊዝኛ አልኩ። በልቤ ግን «አይ ሽማግሌው!» አልኩ። ስንት የአደራ ታሪክ ሰምቻለሁ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል እንዲሉ፣ እኔም ከአነጋገራቸው ፈረድኩባቸው።

በመጨረሻው ቀን ዳኛዋ ለጁሪው፣ ማለትም ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ለሚሉት አሥራ ሁለት ተራ ሰዎች፣ መመሪያ ሰጡ። እኔ ተከሳሹ በሚቀመጥበት ሳጥን ውስጥ አጠገባቸው ተቀምጬ በጋሽ ሞገስ ጆሮ አንሾካሾክሁ፦ «ዕቃው ቤታቸው በመገኘቱ ብቻ፣ የተሰረቀ መሆኑን ያውቁ ነበር ብላችሁ መደምደም ትችላላችሁ።»

ዳኛዋ ቀጠሉ። የቀጠሉት አመለጠኝ። ደክሞኝ አልነበረም፤ እኔ ፈርጄ ስለጨረስኩ ማዳመጥ ትቼ ነው።

የጋሽ ሞገስ ፊት ዐመድ መሰለ። «ልጄ፣ አለቀልኝ በለኛ?»

አፈርኩ። ወይዘሮ ለተብርሃን ትዝ አሉኝና እጄን አነሣሁ። «ክብርት ዳኛ፣ ይቅርታ፤ የመጨረሻው ንግግርዎ አምልጦኛል። ቢደግሙልኝ?»

አልተቆጡኝም፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ወደ ጁሪው ዞረው ቀስ ብለው ደገሙት፦ «እንዲህ ብላችሁ መደምደም ግን ግዴታችሁ አይደለም። የሰጡት ማብራሪያ እውነት ሊሆን ይችላል ካላችሁ፣ በነፃ ልታሰናብቷቸው ይገባል።» ከጁሪው የፊት ረድፍ አንዲት ሴት ቃሉን ጻፈችው።

ጋሽ ሞገስ ነፃ ወጡ። በመደገሙ ይሁን በሌላ አላውቅም። ኮሪደሩ ላይ እንኳን ደስ ያለዎት ልላቸው ስጠጋ ተክዘው አገኘኋቸው።

«ምነው ጋሼ? ነፃ ወጥተዋል እኮ!»

«እሱስ ተመስገን። ሻንጣውን ግን ፖሊሶቹ ከፍተውታል። ባለቤቱ ቢመጣ ምን እለዋለሁ?»

እኒህን ሰው ነበር በልቤ ሌባ ያልኳቸው።

ዛሬ ጡረታ ላይ ነኝ። ወይዘሮ ለተብርሃንንና እኒያን ዳኛ ሳላመሰግን የማድርበት ቀን ጥቂት ነው። ለአዲስ አስተርጓሚ የምነግረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አስተርጓሚ በልቡ ከፈረደ መስማት ያቆማል።