ኳንተም በሐጂ ይማም መጋዘን

መብራት የጠፋው ቃለ መጠይቁ ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ነው... ልክ ሲጠብቀኝ የነበረ ይመስል።

ለአረፋ ከሚሴ፣ ቤተሰብ ጋ ነበርኩ። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ዩኒቨርሲቲያችን ከሦስት የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ ለኳንተም ቴክኖሎጂ ምርምር የገንዘብ ድጋፍ ጠይቋል፤ የመጨረሻውን ቃለ መጠይቅ በቪዲዮ የምመልሰው ደግሞ እኔ ነኝ። ካለፍን ላቦራቶሪ ይኖረናል። ከወደቅን እንደለመድነው ሌዘሩን ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየሳልን እናስተምራለን።

የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። በሰፈሩ ጄኔሬተር ያለው የእህል ነጋዴው የሐጂ ይማም መጋዘን ብቻ ነው። ደግነቱ አጎቴ ሁሴን ከጨፋ ያመጣውን ማሽላ ሊሸጥ እዚያው ወረፋ ይዟል። ላፕቶፔንና ሞደሜን አቅፌ እየሮጥኩ ደረስኩ።

ሐጂ ሰው አያሳፍሩም። «አብሽሪ ልጄ፣ ግቢ» ብለው በጆንያዎቹ መሀል ቦታ ሰጡኝ። ከዚያ ወደ አጎቴ ዞር አሉ።

«ሁሴን፣ ልጅቷ ምንድን ነው የምታጠናው?»

አጎቴ ደረቱን ነፋ። «ኩንታል ነዋ! የሦስት አገር ፈረንጅ ተሰብስቦ፣ የኩንታልን ነገር አብረን እናጥና ብሎ ገንዘብ ሊሰጣት ነው!»

ኧረ ኳንተም ነው ብዬ ላርም ስል ጥሪው ገባ። የሐጂን ፊት ግን አየሁት... ቀስ ብለው ሄደው ሚዛኑ ላይ ባዶ ጆንያ ጣል አደረጉበት።

ገምጋሚዎቹ ሦስት ናቸው፤ አንደኛው ውጭ አገር የሚያስተምሩ የአገራችን ሰው፣ ፕሮፌሰር። ነገሩ እስከ መጨረሻው ጥሩ ሄደ። መጨረሻ ላይ ፕሮፌሰሩ ፈገግ አሉና በአማርኛ፣ «ምርምራችሁን ለሕዝብ ማስረዳት መቻላችሁም ነጥብ አለው። እስቲ አጠገብሽ ላሉት ሰው በቀላሉ አስረጂልን፤ ለባልደረቦቼ እኔ እተረጉማለሁ» አሉኝ።

አጠገቤ ያሉት ሐጂ ናቸው። ምን ምርጫ አለኝ...

«ሐጂ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ሳይለካ በፊት አንድ ዓይነት የነበረ ነገር፣ ልንለካው ስንል... በመለካቱ ብቻ ይለወጣል። እኛ የምናጠናው ይህንን ነው።»

ጆንያ የሚያወርዱት እንኳ ቀጥ አሉ።

«ዱጋዳ!» ብሎ ጮኸ አጎቴ ሁሴን። እውነቷን ነው ማለቱ ነው። «ከቤቴ ሙሉ ሆኖ የወጣ ኩንታል እዚህ ሲደርስ የሚጎድለው ለካ ለዚህ ነው! ይኸው ፈረንጆቹ ደረሱበት!»

ሐጂ ብድግ አሉና ካሜራው ላይ ተደፉበት። «ወላሂል አዚም! እኔ ሚዛኔን በእጄ ነክቼ አላውቅም! ዝገት ከሆነ... አላህ ይወቅ!»

አለቀ። ገበሬው በሙሉ ተነሣ። «እንደገና ይመዘንልን!» እያለ ሁሉም የየራሱን ጆንያ መጎተት ጀመረ። ፕሮፌሰሩ መተርጎሙን ትተው ጠረጴዛቸው ላይ በሳቅ ተደፍተዋል። ሁለቱ ፈረንጆች አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። ሐጂ በግርግሩ መሀል ወደ ጓሮ ሲሮጡ አየሁ... ጄኔሬተሩ ጸጥ አለ። ጥሪውም ተቋረጠ።

ማሽላው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ባልደረቦቼን በምን ዓይኔ ላያቸው ነው? አጎቴ ግን «አብሽሪ፣ ሥራሽን ሠርተሻል» እያለ ጀርባዬን ይመታኛል። የእሱ ማሽላ በሌላ ሚዛን እንደገና እየተመዘነ ስለነበር ደስታው ልክ አልነበረውም።

ከወር በኋላ መልስ መጣ። አልፈናል! ለሕዝብ በማስረዳት ደግሞ እኛን የሚስተካከል አልተገኘም። ስለ ኳንተም ሰምቶ ስሜቱ እንዲህ የተነካ ማኅበረሰብ በየትም አገር አላየንም ብለው ጽፈውልናል።

እየጮህኩ ለአጎቴ ደወልኩለት። እሱም የራሱ ዜና አለው። ሐጂ አዲስ ሚዛን ገዝተዋል፤ ገበያ በዋለ ቁጥር «ፈረንጆቹ መቼ ነው የሚመጡት?» እያሉ ይጠይቁታል።

«ኧረ አጎቴ፣ አይመጡም እኮ!»

«ዝም በይ! ይህን ለሐጂ ትነግሪና እንጣላለን!»

እኔም ሐጂ በደወሉ ቁጥር «መንገድ ላይ ናቸው» እላለሁ። የኳንተሙ ነገር ገና በጥናት ላይ ነው... የከሚሴ ኩንታል ግን ሞልቷል።