ያስተነፈስኩት ባትሪ

ይህን ነገር እስከዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለእናቴም አልነገርኳት። ንስሐ አባቴ ፊት ሌላ ሌላውን ኃጢአት ስዘረዝር እንኳ ይህችን እየዘለልኩ ነው የተነሳሁት። ታዲያ አሁን ምን አስጻፈሽ ብትሉኝ፣ ፍርሃቱ ሰለቸኝ። እሱ አልለቀቀኝም፤ እኔ ነኝ መሸከሙ ያቃተኝ።

ድንበር አጠገብ ባለችው ገንዳ ውሃ ከተማ ሞባይል እጠግን ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር፣ ቁጭ ማለት ስለማይሆንልኝ የገባሁበት ሥራ ነው። አንድ የሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ናሆም የሚባል ልጅ ከጎንደር መጣ። አጎቱ አቶ ደሳለኝ ኮኪት አጠገብ ሰፊ እርሻ አላቸው። ናሆም ለራሱ መጫወቻ የገጣጠማት ትንሽ ድሮን ነበረችው፤ እርሻውን ከላይ ልቅረጽባት ቢል እየወደቀች አስቸገረችው። ከፈትኳት። በዚያ ሙቀት ሞተሮቹ ባንድ ጊዜ ኃይል ሲስቡ ዋናው ባትሪ ለቅጽበት ይደክማል፤ ያኔ የምትታዘዝበት ቦርድ ይጠፋና እንደ ድንጋይ ትወርዳለች።

«ለቦርዱ ብቻ የሚሆን መጠባበቂያ ልሥራልህ» አልኩት።

«ትችያለሽ?»

«አንተ ብቻ ትተሃት ሂድ።»

እንዲህ ያለ ሥራ ማንም ሰጥቶኝ አያውቅም። ንድፉን ራሴ ሣልኩት። ሁለት የስልክ ባትሪዎች ተያይዘው፣ ኃይሉ ወደኋላ እንዳይመለስባቸው መሐል ላይ ዳዮድ ገብቶ፣ ዋናው ሲደክም መጠባበቂያው ወዲያው ቦርዱን ይረከባል። ንድፉ ልክ ነበር። ዛሬም ልክ ነው እላለሁ። ልክ ያልነበርኩት እኔ ነኝ፤ ከሁለቱ ባትሪዎች አንዱ ተነፍቶ ነበር።

የተነፋ ባትሪ እንደሚጣል አውቃለሁ፤ ለደንበኛ ሁሉ የምናገረው ነው። ከጎንደር ሌላ እስኪመጣ መጠበቅ ነበረብኝ። መጠበቅ ግን አልችልበትም። አባቴ በሬ ሲነፋበት ጎኑን ወግቶ ሲያስተነፍሰው እያየሁ ነው ያደግሁት፤ በሬው ይተነፍስና ተነስቶ ይሄዳል። ባትሪውንም እንደዚያው አደረግሁት። ጫፉን በመርፌ ወጋሁት። እሽሽ ብሎ ሟሸሸ። ቀዳዳውን በማጣበቂያ ደፍኜ፣ በናስትሮ ጠቅልዬ በየድኩት። ዳነልኝ ብዬ ደስም አለኝ! ለናሆም ትንፍሽ አላልኩም።

በማግስቱ እርሻው ላይ ሄድን። ሰሊጡ ታጭዶ ሂላ ሂላ ሆኗል፤ ነዶው ተደጋግፎ እየቆመ የሚደርቅበትን ክምር ሂላ ነው የምንለው። ድሮኗን ለማየት የቀን ሠራተኞቹ ከበቡን። ከመሐላቸው ጥጋቡ የሚባል፣ ከጎጃም የመጣ ተጫዋች ሰው ነበር።

«እቴ፣ ይቺ ንብሽ ማር አላት ወይስ መናደፍ ብቻ ነው የምታውቅ?»

«ጠጋ በልና እያት» አልኩት። ሳቁበት፤ እሱም ሳቀ።

ተነሳች። ከሂላዎቹ በላይ ስትደርስ እንደ ልማዷ ተንገዳገደች። አልወደቀችም። መጠባበቂያው ተረክቧት ነበር። «ያዘች! ያዘች!» ብሎ ናሆም ጮኸ፤ ሠራተኞቹም አጨበጨቡልኝ። ስታርፍ አቧራ እንዳይገባባት ብዬ አንስቼ ሂላ ላይ አስቀመጥኳት። እኔ ነኝ ያስቀመጥኳት። እጄን ሳነሳ አንድ ሽታ መጣብኝ፤ የጥፍር ቀለም ማጥፊያ የመሰለ፣ ጣፈጥ የሚል ሽታ።

ምን እንደሆነ አላወቅሁም ልበል? አውቄያለሁ። ባትሪ ሲያፈስ እንዲያ ነው የሚሸት። ድሮኗን አንስቼ ሜዳ ላይ መወርወር ነበረብኝ። ግን ናሆም «የሠራቻት እኮ ይቺ ናት!» እያለ ያሳያቸዋል። በዚያ ሰዓት የተነፋ ባትሪ ነው የሰጠሁህ ብዬ እንዴት ልናገር? ጀርባዬን ሰጥቻት ወደ ጥላው ሄድኩ። ጥጋቡ መንገዱ ላይ ሲጋራ ያጨስ ነበር። ጥሎ፣ በጫማው አሽቶ ሲያጠፋው እያየሁት ነው ያለፍኩት።

ውሃ እንኳ ሳንጠጣ ድሮኗን ካስቀመጥኩበት ሂላ ጭሱ ተነሳ። የደረቀ ሰሊጥ ዘይት ነው፣ ፋታ አይሰጥም። ቀድሞ የሮጠው ጥጋቡ ነው። እሳቱ ወደሌላው ሂላ እንዳይሻገር ነዶውን በባዶ እጁ እየጎተተ አወጣ። ሲበርድ የእጁ ቆዳ ተልጧል። ድሮኗ ከሂላው ጋር ዐመድ ሆናለች፤ እሷን የጠረጠረ አልነበረም። የእርሻው ወኪል፣ አቶ ደሳለኝ ሠራተኞቹን እንዲቆጣጠር የሾሙት ሰው፣ መንገድ ላይ የሲጋራ ቁራጭ አገኘና አንገቱን አነቀው።

«አንተ ነህ! አንተ ነህ ያነደድኸው!»

«ኧረ አጥፍቼዋለሁ! እቴ፣ ረግጬ ሳጠፋ እያየሽኝ ነበር። ንገሪያቸው እንጂ!»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

«አላየሁም» አልኩ።

ፈርቼ ነው። ድንበር ላይ የሚበር ነገር ስትሠሪ ማን ልኮሽ ነው ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። የአቶ ደሳለኝን ሀብት፣ እስሩን፣ የእናቴን ፊት ፈራሁ። ግን ስለዚህ ሁሉ ማን ጠየቀኝ? የተጠየቅሁት አንድ ነገር ነው፦ አይተሻል ወይ? አላየሁም አልኩ። ያንን የተቃጠለ እጁን የፊጥኝ አስረው ሲወስዱት ቆሜ አየሁ። እሱን ግን አየሁ!

ኋላ አንድ ያገሩ ሰው ስልክ ሊያሠራ ሱቄ መጣ። ጥጋቡ ከእስር ቢወጣም ጣቶቹ ተኮማትረው ማጭድ አልይዝ እንዳሉት፣ በዚህ ቆላ የሚቀጥረውም እንደሌለ ነገረኝ። «እሳት ጣዩ ነው የሚሉት። አጥፍቼዋለሁ ይላል፤ ማን ያምነዋል?» አለኝ። እኔ አምነዋለሁ ማለት አቃተኝ። ስልኩን ሠርቼ ሸኘሁት።

ከዚያ ወዲህ የማላውቀው ቁጥር ሲደውልልኝ አላነሳም። ፖሊስ ሱቁ በር ላይ ሲቆም የምበይደው ይጠፋብኛል። ይገባኛል፤ ለምን አይገባኝም?

ይቅር በሉኝ ልል ነበር፤ ግን እናንተን ምን አድርጌያችሁ? ፈርቼ ነው ማለትም አያወጣኝም። ጥጋቡም እሳቱን ፈርቶት ነበር፤ ገባበት እንጂ። ነገ ይህን ጽሑፍ ይዤ ኮኪት እወርዳለሁ። ሊያሳስሩኝ ይችላሉ። ምናልባት አቶ ደሳለኝ ፊት ስቆም ድምፄ አይወጣ ይሆናል፣ ስለዚህ እዚህ ልጻፈው፦ አንቱ፣ ሰሊጥዎን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ጥጋቡ ሲጋራውን ረግጦ ሲያጠፋ አይቻለሁ።