ሰርቨሩ ዝም ሲል

ሥራ የጀመርኩት መርሳ በሚገኝ የገበሬዎች ዩኒየን ቢሮ ውስጥ፣ የሰሜኑ ጦርነት ጋብ ባለበት ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ኃላፊዬ አቶ ካሳሁን በመጀመሪያው ቀን ከዝርፊያ የተረፈችውን አንዲት ኮምፒውተር አሳዩኝና፣ «የኮምፒውተር ክፍላችን ይኸው ነው፤ አንተ ደግሞ የክፍሉ ኃላፊ ነህ» አሉኝ። እንዲህ ያለ የደረጃ እድገት ከዚያ ወዲህ አላጋጠመኝም።

የፕሮግራሙ ሥራ ቀላል ነው። የገበሬውን የምርጥ ዘር ጥያቄ አዲስ አበባ ላለው ሰርቨር ይልካል፣ መልሱን ተቀብሎ ያሳያል። ኔትወርኩ ግን እንደ ክረምት ፀሐይ ብቅ ጥልቅ ይል ነበር። ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ይህን በጥበብ ፈትቶት ኖሯል፤ የመጠበቂያው ሰዓት አልፎ መልስ ካልመጣ፣ ማሽኑ «ጥያቄዎ ውድቅ ሆኗል» ይላል።

አንድ የገበያ ቀን ማለዳ አቶ ካሳሁን ይህንኑ ለአያ ይመር አነበቡላቸው። አያ ይመር ከከተማው ዳር የሚያርሱ ሽማግሌ ናቸው።

«ማነው ውድቅ ያደረገኝ?»

«ሰርቨሩ ነው፣ አያ ይመር።»

«የማን ልጅ ነው እሱ?»

አቶ ካሳሁን ሳቁ። አያ ይመር አልሳቁም። «እንግዲህ አንዱን በሬ ሸጬ ዘር እገዛለሁ» ብለው ወጡ። በቀረው አንድ በሬ ግን አይታረስም።

«ደግመህ ላከው!» አሉኝ አቶ ካሳሁን።

«የመጀመሪያው ደርሶ ከሆነ ሁለቴ ይመዘገባል። ያኔ እንደ ማጭበርበር ተቆጥሮ በእርግጥም ይሰረዝባቸዋል።»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«ለልጅዎ ሚስት ሊጠይቁ ሽማግሌ ልከው የልጅቷ አባት ዝም ቢሉ፣ ሌሎች ሽማግሌዎች ይልካሉ?»

«ምን ነካህ፣ ነውር ነው! እነዚያው ተመልሰው ‹ነገራችንን ምን አላችሁት?› ይላሉ እንጂ።»

«ፕሮግራሙም እንደዚያ ያድርግ።»

ተቀምጬ ጻፍኩት። መልስ ሲጠፋ ማሽኑ «መልስ አልመጣም» ይላል፤ ኔትወርኩ ሲመለስ በዚያው በመጀመሪያው ጥያቄ ቁጥር «ደርሶሃል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ኔትወርኩ ብቅ ሲል ጠየቅን። «ተፈቅዷል» አለ ሰርቨሩ። ጥያቄው ማለዳውን ደርሶ ኖሯል፤ መንገድ ላይ የቀረው መልሱ ነው።

በባጃጅ ከብት ተራ ደረስን። አንድ ነጋዴ የአያ ይመርን በሬ ጥርስ እያየ ነበር።

«አያ ይመር፣ ዘርዎ ተፈቅዷል!» ብለው ጮኹ አቶ ካሳሁን።

«ዋጋ ለማስወደድ የተቀጠሩ ናቸው!» አለ ነጋዴው።

አያ ይመር ገመዱን ሳብ አደረጉ። «በል አፉን ልቀቅለት፤ የሚያርስ በሬ ነው።»

ፕሮግራም ለምትጽፉ ሁሉ፦ እምቢታና ዝምታ በአንድ መስመር አይስተናገዱም። ዝም ያለን ሰርቨር መልሳችሁ ጠይቁት።